ማቺኮ ኪዮ ከአንድ የአሜሪካ ፊልም በኋላ ለምን ወደ አገሯ ተመለሰች?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ላይ ቆየት ያሉ ፊልሞችን እያሳየን የምንወያይ የተውኔት ወዳጆች አለን፤ መጪውን ወር ለጃፓናዊቷ ተዋናይት ለማቺኮ ኪዮ ልንሰጠው ተስማምተናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 «ራሾሞን» በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳን፣ በ1953 «ኡጌትሱ» እዚያው የብር አንበሳን፣ በ1954 ደግሞ «የገሃነም በር» በካን ታላቁን ሽልማት ሲወስዱ በሦስቱም ውስጥ የተወነችው እሷ ነበረች። ምዕራቡ ዓለም የጃፓንን ሲኒማ መመልከት ሲጀምር በመጀመሪያ ያወቀው የሴት ፊት የእሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ያህል ስሟ ከገነነ በኋላ በአሜሪካ ኩባንያ የተሠራው ፊልሟ በ1956 የወጣው «የነሐሴ ጨረቃ ሻይ ቤት» ብቻ ነው። ከመካከላችን «ፈረንጆቹ የወደዱት ኪሞኖዋን (የጃፓን ባህላዊ ልብሷን) እንጂ ትወናዋን አይደለም፤ እንግድነቷ ሲያልቅ ተዋት» የሚሉ አሉ። ይህን አባባል ለመቀበል ይከብደኛል፤ መልሱን ግን በማስረጃ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ። ሁለተኛው፣ ተመልካቾቻችን አብዛኞቹ የጃፓን ፊልም አይተው የማያውቁ ስለሆኑ ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል?


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ የተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው፤ የሳቱት ግን ዋናውን ነው። እውነት የሆነውን ላስቀድም።

ማቺኮ ኪዮ በ1924 ኦሳካ ውስጥ ተወለደች፤ አባቷ ቤቱን ጥሎ ስለሄደ ያደገችው በእናቷና በአያቷ እጅ ነው። በ1936፣ ገና በ12 ዓመቷ፣ ሴቶች ብቻ የሚዘፍኑበትና የሚጨፍሩበት አንድ የኦሳካ የመድረክ ቡድን ውስጥ ገባች፤ ስለዚህ የፊልም ኮከብ ከመሆኗ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ በመድረክ ላይ የቆየች ዳንሰኛ ነበረች ማለት ነው። በ1949 ዳይኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ ሲያስፈርማት፣ የኩባንያው አለቃ ማሳኢቺ ናጋታ የሚሸጠው ነገር ይኸው የዳንሰኛ ሰውነቷ እንደሆነ አላጣውም። የጃፓን ፊልም ጀግና ሴት እስከዚያ ድረስ በአመዛኙ ቁጥብና ጭምት ሆና ስትቀርብ፣ ማቺኮ ኪዮን ኩባንያው ያስተዋወቃት በደፋርነቷና በመልከ መልካምነቷ ነበር።

«ራሾሞን» ሲሠራ ናጋታ ፊልሙ አልገባኝም ብሎ ማጉረምረሙን ዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ በትዝታ መጽሐፉ ጽፎታል። ፊልሙ በቬኒስ ካሸነፈ በኋላ ግን ሰውየው ነገሩ ቶሎ ገባው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ለውጭ ፌስቲቫል የሚሆኑ፣ ጥንታዊ ታሪክና ያማረ ልብስ ያላቸው ፊልሞችን አስቦበት ማዘጋጀት ጀመረ፤ «የገሃነም በር» በኢስትማን ከለር የተቀረጸ የኩባንያው የመጀመሪያ ባለ ቀለም ፊልም ሲሆን፣ አልባሳቱን ያዘጋጀው ሳንዞ ዋዳም የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። እንግዲህ ኪሞኖው ለገበያ መቅረቡ ሐሰት አይደለም። ያቀረቡት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው፤ እሷ በዚያ ልብስ ውስጥ ሆና የሠራችውን ሥራ በነጋዴዎቹ ሐሳብ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ አሜሪካው ፊልም ልምጣ። በ«የነሐሴ ጨረቃ ሻይ ቤት» የተሰጣት ሚና ሎተስ ብሎሰም የምትባል፣ በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት የምትኖር ጌሻ (በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የምታዝናና ባለሙያ) ነው። የምትናገረው በጃፓንኛ ነው፤ የምትለውን የሚያስተረጉምላት ደግሞ ፊቱን በሜካፕ ለውጦ የኦኪናዋ ሰው የሆነው አሜሪካዊው ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ ነው። በዚህች ጠባብ ሚና እንኳ ለጎልደን ግሎብ ታጭታለች፤ ሆኖም ሆሊውድ በዚያ ዘመን ለአንዲት ጃፓናዊት ሊሰጣት ከሚችለው ውስጥ ከዚህ የሚሻል ብዙ አልነበረም። በአገሯ ምን ይጠብቃት እንደነበር ደግሞ ተመልከት፦ ከ1950 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዳይሬክተሮቹ ከኩሮሳዋ፣ ከኬንጂ ሚዞጉቺ፣ ከሚኪዮ ናሩሴ፣ ከያሱጂሮ ኦዙና ከኮን ኢቺካዋ ጋር ሠርታለች። ከእነዚህ ከአምስቱም ጋር የመሥራት ዕድል የገጠማቸው ተዋንያን ጥቂቶች ናቸው። የጃፓን ሲኒማ ቤቶችም በዚያ ዘመን ሰው ይጨናነቅባቸው ነበር፤ በ1958 ብቻ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሽጧል። አምስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች በ1953 ተስማምተው ተዋንያን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገሩ ማገዳቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ዳይኤይ ቤቷም አጥሯም ነበር። በእኔ ግምት መመለሷ ሽንፈት ሳይሆን፣ ሥራ ወዳለበት የሄደ ባለሙያ ውሳኔ ነው።


የመርሳዋ (ወልድያ)

ጋሼ፣ አንቱ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን የጦሳው ወንድማችን የጠየቀውን ማስረጃ ከራሱ ከፊልሙ ላውጣለት። ትያትር ስለማስተምር «ራሾሞን»ን ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሳሙራይ (የጥንት ጃፓን ጦረኛ) ከሚስቱ ጋር ጫካ ሲያቋርጥ ሽፍታ ያታልለውና ያስረዋል፤ ሚስቱን በፊቱ ይደፍራታል፤ በመጨረሻም ባልየው ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ ነገር አራት ሰዎች አራት የማይገናኝ ቃል ይሰጣሉ፤ ከአራቱ አንዱ በጠንቋይ አንደበት የሚናገረው ሟቹ ራሱ ነው። አባቶቻችን በሚያውቁት አውጫጭኝ ሕዝቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የሚያውቀውን በመሐላ ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያደምጣሉ። ኩሮሳዋ ግን ዳኛውን አላሳየንም፤ ድምፁንም አላሰማንም። ምስክሮቹ የችሎቱ ግቢ ላይ ተቀምጠው ቃላቸውን ወደ ካሜራው ስለሚሰጡ፣ ፈራጁ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካች ይሆናል፤ ደሴ ላይ ስታሳዩት ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ሰው ነቅቶ ያያል።

እንግዲህ ማቺኮ ኪዮ የሠራችው አንዲት ሴት አይደለችም፤ አራት ናቸው። ሽፍታው በሚተርከው ውስጥ ጩቤዋን መዝዛ እንደ ነብር የምትወረወር፣ የምትናከስ ሴት ናት፤ በመጨረሻም ሽፍታው ሲይዛት ዓይኖቿ በቅጠሉ መካከል የምታበራውን ፀሐይ እያዩ ይቆዩና ቀስ ብለው ይከደናሉ፤ ጩቤውም ከጣቶቿ ሸርተት ብሎ መሬት ላይ ይወድቃል። እሷ ራሷ በምትተርከው ውስጥ ከመደፈሯ ይልቅ የሚገድላት ባሏ የሚያያት አስተያየት ነው፤ ጩቤውን እንደያዘች ወደ እሱ ትጠጋለች፣ ትሸሻለች፣ ተመልሳ ትጠጋለች፣ «በዚህ ዓይንህ አትየኝ» እያለች ትለምነዋለች። ሟቹ ባል በሚተርከው ውስጥ ደግሞ ባሏን እንዲገድልላት ሽፍታውን የምታዝ፣ ሽፍታውን እንኳ ያስደነገጠች ጨካኝ ናት።

አራተኛውን፣ ነገሩን በዓይኑ ያየው እንጨት ቆራጭ የሚተርከውን፣ ተማሪዎቼ ሁሌም መልሰን እንየው ይሉኛል። ሁለቱም ወንዶች አንፈልግሽም ብለው ሲተዋት መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ ፊቷ አይታይም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በዚያው ላይ ሳለች ልቅሶው ሳይቋረጥ ሳቅ ይሆናል። ቀና ስትል ሌላ ሰው ናት፤ ባሏን ወንድ ከሆንክ ለምን አልተዋጋህልኝም ትለዋለች፣ ሽፍታውንም ዝናህ ባዶ ነው ትለዋለች፣ ሁለቱንም በምላሷ እየገረፈች ወደማይፈልጉት ውጊያ ትነዳቸዋለች። ልቅሶው የትኛው ትንፋሽ ላይ ሳቅ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ይህን የትንፋሽ ሥራ ዳንሰኛ ሳለች የተማረችው ይመስለኛል። ልብ በሉ፣ ልብሷ በአራቱም ታሪክ ያው ነው። የሚለወጠው አቀማመጧ፣ አንገቷ፣ ዓይኗና ትንፋሿ ነው። ኪሞኖው ነው ያሸነፈው ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ለዚህ ሚና ስትል ቅንድቧን መላጨቷ ይነገራል፤ በጥንቱ ዘመን የባላባት ሴቶች ልማድ ስለነበር ነው። ኩሮሳዋም ስለ ትጋቷ ሲጽፍ፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ጽሑፉን ይዛ መጥታ «እባክዎ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ያስተምሩኝ» ብላ አጠገቡ መቀመጧን በመደነቅ ያነሳዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ታሪኩ በአስገድዶ መድፈር ላይ የቆመ ስለሆነ ለሕፃናት የሚሆን አይደለም፤ ለአዋቂዎችም ቢሆን ውይይት ሊመቻችለት ይገባል። ከአራቱ ተራኪዎች ሦስቱ ወንዶች መሆናቸውንና ሦስቱም ጥፋቱን በሆነ መንገድ ወደ ሴቲቱ ማስጠጋታቸውን ካላነሳችሁት፣ የፊልሙ ግማሽ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።


ሐይቅ ዳር

የመርሳዋ እህቴ ያለችው ልቤን ነክቶታል፤ ቢሆንም ከ«ራሾሞን» መጀመሩን አልደግፍም። የጃፓንን ፊልም ለማያውቅ ሰው ሳሙራዩም ሽፍታውም ጠንቋዩም በአንድ ጊዜ እንግዳ ይሆኑበታል፤ ያን ጊዜ የሚያየው ልብሱን ብቻ ነው፣ ማለትም ጓደኞቻችሁ የሚሉትን ነው የሚያረጋግጥላችሁ። ከኦዙ «ተንሳፋፊ ሣሮች» ጀምሩ፤ በ1959 የተሠራ ባለ ቀለም ፊልም ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወት የትያትር ቡድን በባሕር ዳርቻ ወዳለች ትንሽ ከተማ ይመጣል፤ የቡድኑ መሪ በዚያች ከተማ ከሌላ ሴት የወለደው፣ አባቱ መሆኑን የማያውቅ ልጅ አለው። ማቺኮ ኪዮ የመሪው ወዳጅና የቡድኑ ተዋናይት ሆና ምስጢሩን ስትደርስበት በቅናት የምታደርገውን እናያለን። የኪነት ቡድኖች ወሎን ሲዞሩ የሚያስታውሱ አዋቂዎች ካሏችሁ ይህን ታሪክ ማንም ሊያስረዳቸው አይገባም።

በዝናብ የሚጣሉበትን ቦታ ሰው ሁሉ እንዲያየው እመኛለሁ። እሱ በመንገዱ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ፣ በየደጃፉ ክዳን ሥር ቆመው፣ መካከላቸው ዝናቡ እየወረደ ይሰዳደባሉ፤ እሷ ቀይ ጃንጥላ ይዛለች፤ አንዳቸውም ተሻግረው ወደ ሌላው አይሄዱም። ካሜራውን የያዘው ካዙኦ ሚያጋዋ ነው፤ «ራሾሞን»ንም «ኡጌትሱ»ንም የቀረጸው እሱ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1959 «ቁልፍ» በተሰኘው ፊልም ላይ ያሠራት ኮን ኢቺካዋ፣ በ1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሲሮጥ የቀረጸውን ታላቁን የኦሊምፒክ ዘጋቢ ፊልም ያዘጋጀ ሰው ነው። አበበን ያየንበት ዓይን ማቺኮ ኪዮንም ያየ ዓይን ነው።


የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአበበን ነገር ስሰማ በጣም ነው የተደሰትኩት፤ በመግቢያ ንግግራችን ላይ እናነሳዋለን። በ«ተንሳፋፊ ሣሮች» እንጀምርና «ራሾሞን»ን በሁለተኛው ሳምንት ለአዋቂዎች ብቻ እናሳያለን። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ምን ትመክሩናላችሁ? ከ1960ዎቹ በኋላ ስላለው ሕይወቷስ የሚታወቅ ነገር አለ?


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ለሦስተኛው «ኡጌትሱ»ን አድርጉ። በጦርነት ዘመን ዕቃውን ሸጦ ለመክበር ሚስቱንና ልጁን ትቶ የወጣ ሸክላ ሠሪን በፍቅሯ የምታጠምድ መንፈስ ሆናለች፤ ፊቷ ኖ በተባለው የጃፓን ጥንታዊ ትያትር ጭምብል አምሳል ተቀብቶ፣ እግሯ መሬት የማይነካ መስላ ትንሳፈፋለች። ለአራተኛው ደግሞ የሚዞጉቺ የመጨረሻ ፊልም የሆነው፣ በ1956 የወጣው «የእፍረት መንገድ» ይሁንላችሁ። በቶኪዮ የሴተኛ አዳሪዎች ሠፈር የምትኖር፣ የምዕራባውያን ልብስ የምትለብስ፣ ማስቲካ የምታላምጥ ሚኪ የምትባል ወጣት ሆና ትሠራለች። ሀብታም አባቷ የቤተሰቡን ስም አጎደፍሽ ብሎ ሊወስዳት ሲመጣ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር እየሄደ እናቷን ያሰቃየው እሱ መሆኑን እየነገረች ፊት ለፊት ታዋርደዋለች። መንፈሷንና ሚኪን በተከታታይ ሳምንት ያየ ሰው አንዲት ሴት ሁለቱን እንደሠራች ለማመን ይቸገራል፤ ሚኪ ደግሞ የምትለብሰው ኪሞኖ ሳይሆን የምዕራባውያን ልብስ ነው። ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክለው የጃፓን ሕግም በዚያው በ1956 ነው የወጣው።

ስለ ኋለኛው ዘመኗ፦ ቴሌቪዥን የሲኒማውን ተመልካች እየወሰደ ሲሄድ ዳይኤይ በ1971 ከሠረ፤ እሷ ግን በቴሌቪዥንና በመድረክ ሥራዋን ቀጠለች። በ1976 ጃፓኖች እጅግ በሚወዱት፣ ቶራ የተባለውን ተንከራታች ነጋዴ በሚያሳየው ተከታታይ ፊልም ላይ በሞት አፋፍ ያለች እናት ሆና ሠርታለች። ትዳር አልያዘችም። የጃፓን የፊልም አካዳሚ በ2017 የሕይወት ዘመን ሽልማት ሰጥቷታል፤ በግንቦት 2019 በ95 ዓመቷ ቶኪዮ ውስጥ አርፋለች።

ሰዓቱን ስታደላድሉ «ተንሳፋፊ ሣሮች» ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚወስድ አስቡበት፤ «ራሾሞን» ግን 88 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የመርሳዋ ላለችው ውይይት ሰፊ ጊዜ ይተርፋችኋል።