የዋንዛ ካውንተሬ ከስቶቩ በኩል ተሰነጠቀ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የጓዳዋ እመቤት፦ ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። ገና ሦስት ሳምንቱ ነው ከተገጠመ፣ በስቶቩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጠርዙ ጠቁሮ አገኘሁት። አናጺው ስልክ አያነሳም። ኮላ ሞልቼ ቫርኒሽ ልቀባው?

መጋዝ፦ ኮላውን ከእንጨት ብናኝ ጋር ለውሰሽ ሙዪው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። አለቀ።

የድሮ አናጺ፦ አላለቀም! እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ የሚንቀሳቀሰው ስፋቱ ነው። ጣውላው መቼ ተቆረጠ? በአየር የሚደርቅ እንጨት በልምድ ለ2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። የዘንድሮ ሰው ግን ዛፉ ወድቆ ሳያበቃ ካቢኔ ይላል።

ሰሚት፦ ቆይ፣ እሳት አጠገብ እንጨት ምን ይሠራል? ግራናይት አስገጥሚና ተገላገይ።

የጓዳዋ እመቤት፦ ግራናይቱን ተዉልኝ። ዋንዛው አባቴ ግቢ የነበረ ነው፣ አምና ነው የተቆረጠው፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲም። ስቶቩ የጋዝ ነው፣ ከእንጨቱ ጋር ገጥሟል። ለዶሮው ሽንኩርት የማቁላላበት ትልቁ ምድጃ በዚያው በኩል ነው።

ሰሚት፦ የአባትሽ መሆኑን አላወቅሁም፣ ይቅርታ እህቴ።

እናት ጓዳ፦ ልጄ፣ ድስትሽ ከስቶቩ ጠርዝ አልፎ ይወጣል አይደል? ነበልባሉ በድስቱ ሥር ዞሮ እንጨቱን ይልሰዋል። የእኔም እንዲሁ ነበር የጠቆረው። ለቅዳሜ በሌላኛው ምድጃ ሥሪ።

የድሮ አናጺ፦ እናታችን ልክ ናቸው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጊና ስቶቩን ሳቢው። የጠቆረውን ጫፍ ቆርጦ ማራቅ ነው። ምን ያህል እንደሚርቅ የስቶቩ መመሪያ ላይ እዪ፣ በግምት አይሆንም። መሃል ላሜራ ቢቆም ጥሩ ነው፣ ግን እንጨቱ ላይ አይለጠፍ፣ አየር ይለፍበት። ቀጥሎ ከሥር ብሎኖቹን እዪ። ግጥም ብለው ከታሰሩ እንጨቱ ሲኮማተር መሄጃ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጎ በሰፊ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር በሚገባ የብረት ቀለበት) ማሰር ነው። ይህ ሳይሆን ኮላ ብትሞዪ አጠገቡ ይሰነጠቃል። የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ ደጋግመሽ የተልባ ዘይት አጠጪው፤ እርጥበት በብዛት የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ነው።

መጋዝ፦ ኮላና ብናኝ ብያለሁ እኮ።

እናት ጓዳ፦ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠሽ እንዳታስቀምጪ፣ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

የድሮ አናጺ፦ እህቴ፣ ብሎኖቹን አየሻቸው? ስንት ናቸው?