የተለያየ አገር መንኮራኩር ጠፈር ላይ እንዴት ነው የሚገጥመው?

የቦኩ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ትናንት የአንዱን ፓምፕ ዳዶ ሳጠብቅ ጥርሱ ተበላብኝ፤ ለካ ብሎኑ ኢንች፣ ዳዶው ሚሊ ኖሯል። ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጄ አጠገቤ ቆሞ «ጠፈር ላይስ የአሜሪካና የሩሲያ ዕቃ እንዴት ይገጥማል?» ብሎ አፋጠጠኝ። ደግሞስ ምድር ላይ እየተናከሱ እዚያ ላይ አብረው የሚያድሩት በምን ሂሳብ ነው?

ሃዊ፦
ጋሼ፣ የልጅዎ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው መንኮራኩር አፖሎና የሶቪየቱ (የዛሬዋ ሩሲያ) ሶዩዝ ጠፈር ላይ ሲገናኙ መሐንዲሶቹን ያስጨነቀው ነው። ከዚያ በፊት መያያዣው ወንዴና ሴቴ ነበር። ሁለቱ አገሮች ቁጭ ብለው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት የሆነ፣ የትኛውም ያዥ የትኛውም ተያዥ መሆን የሚችልበት መያያዣ ሠሩ። የባሰው ጣጣ ግን አየሩ ነበር። ሶዩዝ ውስጥ ያለው እንደ ምድሩ አየር፣ በምድሩ ግፊት። አፖሎ ውስጥ ደግሞ ንጹህ ኦክስጅን፣ ግፊቱ ከምድሩ አንድ ሦስተኛ ገደማ። በሩ ዝም ብሎ ቢከፈት የሩሲያዎቹ ደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል። ስለዚህ መሃል ላይ ግፊት የሚስተካከልበት ክፍል አስገቡ፤ ሶዩዝም የራሱን ግፊት ቀድሞ ዝቅ አደረገ። አሁን ነገሩ ቀሏል፤ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አባል አገሮች በ2010 የጋራ መያያዣ ደረጃ አውጥተው ለማንም ክፍት አድርገውታል።

መምህር ጡረተኛው፦
የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ፍቅር እንዳይመስልህ ወንድሜ! በ1998 አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ካናዳና የአውሮፓ አገሮች የጣቢያውን ስምምነት ሲፈርሙ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። ጣቢያው ዝቅ ሲል ወደ ላይ የመግፋቱ ሥራ በዋናነት የሩሲያ ሞተሮች ሆነ፤ አብዛኛው መብራት ከአሜሪካ የፀሐይ ሰሌዳዎች ይመጣል። ማን ጥሎ ይሂድ? ዩክሬን ላይ ጦርነቱ ከፋ በተባለበት በ2022 እንኳ ወንበር መለዋወጥ ጀመሩ፤ አንድ አሜሪካዊ በሶዩዝ፣ አንድ ሩሲያዊ በአሜሪካው መንኮራኩር በድራጎን። የአንዱ መንኮራኩር ከበረራ ቢታገድ ከሁለቱም ወገን ባለሙያ ጣቢያው ላይ እንዳይጠፋ ነው።

ቻይና ግን ውጭ ቀርታለች። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2011 ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከእሷ ጋር እንዳይሠራ ከለከለ፤ እሷም የራሷን ጣቢያ ሠራች። እንደኔ ክልከላው የጎዳው ከልካዩን ነው።

ኪያ፦
አፍሪካስ? ናይጄሪያና ሩዋንዳ በዲሴምበር 2022 አሜሪካ የምትመራውን የአርጤምስን የጠፈር ትብብር ስምምነት ፈርመዋል። እኛ በ2019 ሳተላይታችንን ያስወነጨፍነው ከቻይና ነው። ሁለቱም በር ጋ ቆመን ብንጠብቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቦኩ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ሂሳቡ ገባኝ፤ እኔም ከሽርካዬ ጋር የተኳረፍን ጊዜ መበየጃው የእሱ፣ ጀነሬተሩ የእኔ ስለሆነ ነው ሱቁ ያልተዘጋው። ሃዊ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ሶዩዝ ግፊቱን እስከ ስንት አወረደ?

ሃዊ፦
ከ760 ወደ 520 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ ጋሼ።