የማሲ ፈርጉሰን 135 ፍሬን ሸራ አልቋል፤ በደንገጎ ይዤው ልውረድ?

ጠያቂ፣ ከሐረማያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረማያ አካባቢ ድንችና ሽንኩርት እናመርታለን። ከአባቴ የወረስኩት ማሲ ፈርጉሰን 135 አለኝ። ሞተሩ ዛሬም አንደኛ ነው፤ ችግሩ ፍሬኑ ነው። የቀኙን ፔዳል ስረግጥ ይይዛል። የግራው ግን ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ሁለቱን ፔዳሎች አያይዤ ስረግጥ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ይጎትተኛል።

ባለፈው ሳምንት የግራውን ጎማ አውልቄ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን ብረት) ከፈትኩት። ሸራው አልቆ፣ ከብረቱ ጋር የሚይዙት የሪቬቶቹ ራስ ታምቡሩን መፋቅ ጀምሯል። ሸራው ላይ ደግሞ ጥቁር ቅባት አለ። አሁን ሙሉ ዕቃውን ልግዛ ወይስ በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ብቻ በሪቬት ላስመታ? አንድ ጎረቤቴ በማጣበቂያ ይለጠፋል ብሎኛል፣ እውነት ነው? ትራክተሩን በደንገጎ ቁልቁለት በዝግታ ነድቼ ድሬዳዋ ጋራዥ ላስገባውም አስቤያለሁ።

መካኒክ፣ ከሳቢያን

አቦ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። በዚህ ፍሬን ደንገጎን እንዳትሞክር! ሐረማያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። ያ ሁሉ ከፍታ በኩርባ በኩርባ ነው የሚወርደው። በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ ፍሬን ኩርባ ላይ ሲረገጥ ትራክተሩን ያዞረዋል። የሚይዘው የቀኙም ቢሆን ሲግል መያዙን ይተዋል። ትራክተሩ እዚያው ይቁም። ሸራ የሚሸከሙትን አራቱን ብረቶችና ሁለቱን ታምቡሮች አውልቀህ በማዳበሪያ ከረጢት አስረህ በሚኒባስ ውረድ።

ሁለተኛ፣ ያ ቅባት። የ135 ፍሬን በብረት ዘንግ ነው የሚጎተተው፤ የፍሬን ዘይት የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ሸራው ላይ ዘይት ካየህ ከኋላ አክስል ነው የመጣው። ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። እሱን ሳትቀይር አዲስ ሸራ ብትመታ በሳምንቱ ያው ነው። ገንዘብህን ውኃ ውስጥ ጣልከው ማለት ነው።

ጠያቂ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ትራክተሩ አይንቀሳቀስም። የቀኙ ሸራ ገና ደህና ይመስላል። እሱን በቤንዚን አጥቤ ብመልሰው፣ የግራውን ብቻ ባስመታ አይሆንም?

ባለትራክተር፣ ከሐረር

እኔ ሞክሬው ነበር፣ እህትህ ልንገርህ። ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ሲታጠብ ላዩ ይደርቃል። ፍሬን ስትረግጥና ሲሞቅ ውስጥ የገባው ዘይት እንደገና ይወጣል። ንጹሕ መስሎኝ ተጎታች ላይ ማዳበሪያ ጭኜ ሾፌሬን ላክሁት። ትንሽ ቁልቁለት ላይ ነው የለቀቀው። ልጁ ማርሽ ቀንሶ ወደ እርሻው ጥግ ባይመልሰው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ዘይት የነካው ይጣላል፤ የቀኙ ባይነካውም አብሮ ይቀየራል። አንዱ ጎን አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ እኩል አይይዝም። የአሁኑ መጎተት የመጣብህም ከዚያው ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የኋላ ጎማህ ውስጥ ለክብደት ውኃ ተሞልቶ ከሆነ ብቻህን እንዳታወልቀው። እሱ ከወደቀ እግር ይሰብራል። ሦስት ሰው ጥራ፤ ክሪኩ ብቻ እንዳይሸከመው ከአክስሉ ሥር ወፍራም ግንድ አስገባ፤ የፊት ጎማዎቹንም በድንጋይ አስደግፋቸው።

ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፣ እኔ ምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ (የብረት መፋቂያ ማሽን) ላይ ነው ያረጀሁት። ስለ ሸራው አመታት ትንሽ ልጨምርልህ።

ብረቱ ካልታጠፈና ካልተሰነጠቀ ሙሉ ዕቃ መግዛት አያስፈልግህም። አሮጌዎቹን ሪቬቶች በትራፓኖ አውጣ፤ በመሮ እየመታህ አትንቀል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ብረቱን እስኪያበራ አጽዳው። ከሸራው ሥር ዝገት ከቀረ ሸራው በደንብ አይቀመጥም፤ በኋላም ይሰነጠቃል። ሪቬቱ የናስ፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ይሁን። የብረት ሪቬት የሚሰጥህ ሰው ካለ ጥለኸው ሂድ፤ ሸራው ሲያልቅ ታምቡሩን ያርሰዋል።

የሪቬቱ ራስ የሚቀመጥበት ሰፊው ቀዳዳ ከሸራው ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይግባ። ቀሪው አንድ ሦስተኛ ነው ሸራውን ከብረቱ ጋር አጥብቆ የሚይዘው። አመታቱ ከመሐል ይጀምር፤ ከዚያ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያሉ ወደ ጫፍ መሄድ ነው። ከጫፍ የጀመረ ሰው መሐሉን ክፍት ይተወዋል። ሲያልቅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገህ እይ። በሸራውና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ሥራው ይደገም። የሸራውን ሁለት ጫፎች በሞረድ ትንሽ አዘቅዝቃቸው፤ አለዚያ ፍሬኑ እየነከሰ ይጮኻል።

ታምቡሩ በሪቬት ከተፋቀ ቶርኖ ላይ ስስ አድርጎ ማስፋቅ ነው። ሁለቱንም እኩል አስፋቅ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ግን አታስገድደው። የሳሳ ታምቡር ሲግል ይሰነጠቃል።

መካኒክ፣ ከሳቢያን

ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። ማጣበቂያን በተመለከተ ብቻ ትንሽ ልለይ። በማጣበቂያ የተሠራ ሸራ ከፋብሪካ ይመጣል፤ ይሠራልም። እነሱ ግን በትልቅ ግፊትና በልክ በተያዘ ሙቀት ነው የሚያጣብቁት። ሞርሳ ላይ አስሮ ከሰል ላይ ማሞቅ ያንን አይተካም።

ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ

የፋብሪካውን አልቃወምም። ለእርሻ ትራክተር ግን እኔ ሁሌም ሪቬት እላለሁ። ሪቬት ሲያረጅ በድምፁ ይነግርሃል። ማጣበቂያ የለቀቀ ዕለት ሸራው ሙሉ በሙሉ ይወድቃል።

የግብርና መሣሪያ አስተማሪ

ስለ ጤናችሁ አንድ ነገር። በዚያ ዘመን የተሠራ ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። ማሲ 135 የተመረተው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ አሮጌው ሸራ ውስጥ እንዳለ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታምቡሩን ከፍታችሁ በኮምፕሬሰር አታናፍሱ። በውኃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። ጋራዥ ውስጥ ልጆች በአፋቸው እፍ ሲሉት ሳይ ልቤ ይሰበራል።

ጠያቂ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕቃውን ድሬ አውርጄ ጋሼ እንዳሉት በናስ ሪቬት አስመታሁት። ብርሃን ላይ አየሁት፤ አንዱ ብረት መሐሉ ክፍት ስለነበር ሰውዬው ሳያኮርፍ ደገመልኝ። ታምቡሮቹ ተፋቁ። ኦይል ሲሎቹን ፕሬስ ያለው ጋራዥ ቀየረልኝ፤ የግራው ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ነበር።

ምክንያቱንም ሳላገኘው አልቀረሁም። ሃይድሮሊኩ የደከመ በመሰለኝ ቁጥር ዘይት እጨምር ነበር። ሃይድሮሊኩና የኋላው ማርሽ የሚጋሩት አንድ ዘይት ስለሆነ ከልኩ አልፎ ሞልቷል። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ቦታ ላይ ነበር የማቆመው። አሁን ሜዳ ላይ ለክቼ ትርፉን ቀዳሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሁለቱን ፔዳሎች አያይዤ ስረግጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

መካኒክ፣ ከሳቢያን

ጎበዝ! ወደሚጎትትህ በኩል ያለው ቀድሞ እየያዘ ነው። ማርሹን ፎሌ (ነጻ) አድርገህ የኋላ ጎማዎቹን ተራ በተራ አንሣ። በማስተካከያው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተህ ጎማው እስኪቆም አጥብቅ፤ ከዚያ ሳይነካካ በነጻ እስኪዞር ድረስ መልስ። ሁለቱም ፔዳል ላይ እኩል ልቅነት ይኑር። ከዚያ ያለ ተጎታች ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ እየነዳህ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ለስለስ አድርገህ ርገጥ፤ አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ ወደ ቀኝ ካለ የቀኙን ማስተካከያ አንድ ጥርስ ላላ አድርግ።

ተጎታች ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ገና ከላይ ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ፤ መሐል ላይ ለመቀየር አትሞክር። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ጭነቱን ቀንስ። እነዚያ ሁለት ታምቡሮች ናቸው ሁሉንም የሚይዙት።

ጠያቂ

ነገ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ሜዳው ላይ እሞክረዋለሁ... አይ፣ ሣሩ ሲደርቅ ይሻላል፤ እርጥብ ላይ ጎማው ይንሸራተትና የፍሬኑን ልክ አይነግረኝም። ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።