«ራሐሚም»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ቅባላ፣ ማለትም ስለ አይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ «ሔሴድ» እና «ራሐሚም» የተባሉት የዕብራይስጥ ቃላት አስቸግረውኛል። እስካሁን ሁለቱንም «ምሕረት» እያልኩ ስተረጉም ቆይቻለሁ፤ ጎን ለጎን ሲመጡ ግን መውጫ አጣሁ።

የመጀመሪያው መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ችግሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ «ሔሴድ»ን በዘፀአት 34፥6 «ቸርነት» ሲለው፣ በመዝሙር 136 ግን 26 ጊዜ በሚመላለሰው አዝማች «ምሕረት» ይለዋል።

«ራሐሚም» ከ«ሬሔም»፣ ማለትም ከማሕፀን፣ ጋር አንድ ሥር አለው። የግእዙ «መሐረ»ም የዚሁ ሥር ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው የተገኘ መሆኑን የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ይናገራሉ፤ ነገር ግን የእኛው «ማሕፀን» አቀፈና አሳደገ ከሚለው «ሐፀነ» የወጣ በመሆኑ፣ ምሕረት ከእናት ማሕፀን ጋር ያለው ዝምድና በአማርኛ ጆሮ አይሰማም። እኛ ያንን ስሜት የምናኖረው አንጀት ውስጥ ነው፤ «አንጀቴን በላው» እንላለን። (በነገራችን ላይ «መሐረ» በሃሌታው ሀ ከተጻፈ «አስተማረ» ይሆናልና ይጠንቀቁ።)

በቅባላ ትምህርት ከ10ሩ ሰፊሮት፣ ማለትም ከመለኮታዊ መገለጫዎች፣ መካከል ሔሴድ በቀኝ፣ ጌቡራ ወይም ዲን የሚባለው ፍርድ በግራ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቲፍኤሬት ደግሞ ሌላው ስሙ ራሐሚም ነው። ስለዚህ ራሐሚም ያለ ልክ የሚፈስ ደግነት ሳይሆን ቸርነትንና ፍርድን አስታርቆ የያዘ ነው። ሐሳቡ ከቅባላ በፊትም ነበረ። ቤሬሺት ራባ የተባለው ጥንታዊ ሚድራሽ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የዘፍጥረት ትርጓሜ፣ ሙቅ ውኃ ብቻ ቢሞላባቸው የሚፈነዱ፣ ቀዝቃዛ ብቻ ቢሞላባቸው የሚሰነጠቁ ጽዋዎች የነበሩትን ንጉሥ ያነሣል፤ ንጉሡ ሁለቱን ቀላቅሎ እንደ ቀዳ ሁሉ፣ እግዚአብሔርም ዓለምን በራሐሚምና በፍርድ ቀላቅሎ ፈጠረ ይላል። እኔ ሔሴድን «ቸርነት»፣ ራሐሚምን «ርኅራኄ» ብል እመርጣለሁ።

ሁለተኛው መልስ፦ በ«ቸርነት» እስማማለሁ፤ በ«ርኅራኄ» ግን አይደለም። «ርኅራኄ» ከመለስለስ የመጣ ቃል ነው፤ ራሐሚም ግን የችሎት ቃልም ነው። በአይሁድ አዲስ ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ ፈጣሪ ከፍርድ ዙፋን ተነሥቶ በራሐሚም ዙፋን እንደሚቀመጥ ሊቃውንቱ አስተምረዋል፤ ይህን «የርኅራኄ ዙፋን» ብንለው ዳኛው ከችሎቱ ይጠፋብናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላ ከተማ በጸፋት ያስተማረው የቅባላ ሊቅ ሙሴ ኮርዶቬሮም ሚክያስ 7፥18ን ሲተረጉም፣ ሰው ኃጢአት በሚሠራበት ቅጽበት እንኳ እጁን የሚያንቀሳቅስበትን ኃይል የሚሰጠው የተሰደበው ንጉሥ፣ ማለትም እግዚአብሔር፣ ራሱ ነው ይላል። እንዲህ ያለውን መቻል ልስላሴ ልለው ይከብደኛል። በእኛም ቋንቋ «ምሕረት» የሚባለው የመቅጣት ሥልጣን ያለው ሲተው ነውና፣ ከነጉድለቱ ይሻላል።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ሔሴድን በሁሉም ስፍራ «ቸርነት» እላለሁ። ራሐሚምን ስለ ዙፋኑና ስለ ሚክያስ በምጽፍበት «ምሕረት» ብዬ፣ የሰፊሮት ስም ሆኖ ሲመጣ ግን ዕብራይስጡን እንዳለ አስቀምጬ በግርጌ አብራራዋለሁ። ራሐሚም ስለ ዮሴፍ በተነገረበት በዘፍጥረት 43፥30 ላይ ግን «አንጀት» የሚለውን ቃል ማንም አያስጥለኝም።