የጦር መሣሪያ አምራቾችን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የመኪና ወይም የመድኃኒት አምራች ምርቱ ላደረሰው ጉዳት በፍርድ ቤት ይጠየቃል። የጦር መሣሪያ አምራቾች ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የፌዴራል ሕግ ከክስ እንደሚጠበቁ አንብቤአለሁ። ለተጎጂ ቤተሰብ የቀረ መንገድ አለ?

መልስ 1፦ ጥበቃው ሰፊ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። ሕጉ የሚከለክለው፣ ሌላ ሰው በመሣሪያው ወንጀል በመፈጸሙ ብቻ አምራቹን ወይም ሻጩን መክሰስን ነው፤ ጠመንጃው የአሠራር ጉድለት ኖሮበት፣ በአግባቡ ሲተኮስበት ባለቤቱን ቢያቆስል ግን አምራቹ ይከሰሳል። ሽያጭን ወይም ማስታወቂያን የሚመለከት ሕግ እያወቀ ከጣሰና ጥሰቱ ለጉዳቱ መንስኤ ከሆነም እንዲሁ።

መልስ 2፦ በ2012 በኮነቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ የጠመንጃ አምራቹን ሬሚንግተንን የከሰሱት ቤተሰቦች የተጠቀሙት ይህንኑ የመጨረሻውን መንገድ ነው። ኩባንያው ለጦር ሜዳ የሚመጥን ጠመንጃ ከወንድነት ጋር እያያዘ ለሲቪሎች ማስተዋወቁ የኮነቲከትን የንግድ አሠራር ሕግ ይጥሳል ሲሉ ተከራከሩ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በ2022 የኩባንያው መድን ሰጪዎች 73 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በእኔ እምነት ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጠው፣ ቤተሰቦቹ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይፋ የማድረግ መብት ማግኘታቸው ነው።

መልስ 3፦ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ሜክሲኮ በአምራቾች ላይ ያቀረበችውን ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 በሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም፤ አምራቾቹ ሕገ ወጥ ሽያጭን እያወቁ ስለ መርዳታቸው በክሱ የቀረበው ዝርዝር በቂ አይደለም ብሏል። በሌላ በኩል ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ግዛቶች አምራቾችን ለመክሰስ የሚያስችል የራሳቸውን ሕግ ስላወጡ፣ ለመክሰስ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የግዛቱን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር።