ድምፅና መሰንቆን ለየብቻ ልቅዳ ወይስ አንድ ላይ?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦
አራት ኪሎ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በላፕቶፕ፣ ባለሁለት መግቢያ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) እና ሁለት ኮንደንሰር ማይክሮፎኖች፣ የአንድ አንጋፋ የጎንደር አዝማሪን ዜማዎች በአልበም ለማዘጋጀት ተነሥቻለሁ። በስቱዲዮ እንደተለመደው ክሊክ (ምት የሚጠብቅ ቋሚ የ«ቲክ ቲክ» ድምፅ) በጆሮ ማዳመጫ እያሰማሁ መሰንቆውን አስቀድሜ ቀዳሁ፤ ድምፃቸውን ስጨምርበት ግን፣ ሻይ እየጠጣን ሲያንጎራጉሩት እንባዬን ያመጣው ትዝታ ደረቀብኝ። እርሳቸውም «ልጄ፣ እጄ ጉሮሮዬን ካልሰማ አይሄድም» አሉኝ። በዚያ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ በመሆኑ የውጭው ጫጫታ ሁሉ ይገባል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድምፅ ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
መልሱን እርሳቸው ሰጥተውዎታል። አዝማሪ ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ ዜማውን የሚቀበለው መሰንቆው ነው፤ ግጥሙ ሲረዝምም ምቱ አብሮት ይለጠጣል፤ ክሊክ ይህን ሁሉ ያስራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በሸክላ ሲቀዱም ለየብቻ የሚቀዳበት ዘዴ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቅዱ። አንዱን ማይክሮፎን ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል አርቀው፣ ከግንባራቸው ከፍታ ወደ ታች ያዘንብሉት፤ ሌላውን ከመሰንቆው ቆዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው ደጋኑ ከሚሄድበት መስመር ትንሽ ዘወር ያድርጉት። ጭራው ከጭራ ሲፋተግ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ በኢኩዋላይዘር (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ መሰንቆን መሰንቆ የሚያሰኘው እርሱ ነውና። የዘፋኙ ድምፅ በመሰንቆው ማይክሮፎን ውስጥም ስለሚሰማ ስሕተትን ቆርጦ መጠገን ያስቸግራል፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱን ዜማ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አስጫውተው የተሻለውን ይምረጡ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ከቀዱ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (መቅጃው ሳይበላሽ ከሚይዘው ጣሪያ) 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢልም ጥራቱ አይጎድልም።

የክራር መምህር (ፒያሳ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለእስክስታ ዜማዎች ልል ምት አይሆንም። በእነዚያ ጊዜ ጥሩ ከበሮ መቺ አብሮ ይቀመጥ፤ ክሊኩ እርሱ ነው። ክራርና ዋሽንት የሚጨምሩ ከሆነም ቅኝቱን በስልክ መቃኛ ሳይሆን በአዝማሪው ጉሮሮ ይወስኑ። የመሰንቆ አንድ ክር ከዘፋኙ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፣ ክራርም ይከተለዋል፤ ዋሽንት ግን በርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ እንዲመጣ ከዋዜማው ይንገሩት።

ሌላ መላሽ (አራት ኪሎ)፦
ጎረቤት ስለሆንን የሰፈሩን ጸባይ አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ካልሆነ ጸጥታ አያገኙም፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚከለክለው ነገር የለም፣ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ይጨርሱ። የጥጥ ፍራሽ ከአዝማሪው ጀርባ ያቁሙ፣ ጋቢዎችንም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀው ይስቀሉ፤ ይህ የሚጠቅመው የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ እንጂ የውጭውን ድምፅ ለመከልከል አይደለም። ማቀዝቀዣውን ይንቀሉ።

ስለ ውሉም ላሳስብዎ። ዜማው የሕዝብ ነው ብለው በቃል ብቻ አይስማሙ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝ (ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ) በተቀዳው ክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው። ለእኒህ አባት ድርሻቸውን በጽሑፍ አስፍረው፣ አንብበውላቸው ያስፈርሙ፤ ይህም ከመጀመሪያው የቅጂ ሌሊት በፊት ይሁን።

ጠያቂ፦
ትናንት ሌሊት ያለ ክሊክ ቀዳን። በሁለተኛው ቅጂ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አሥራ አንድ ደቂቃ ዘፈኑ፤ ከመሃል ላይ የጎረቤት ውሻ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፣ እኔ ግን ያንኑ ቅጂ መርጫለሁ። ውሉን ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናነባለን።