ማዕዱ ሞልቶ ጎረቤት መለመን? ካቶሊኮችና የጴንጤ ሰባኪዎች

ገሊላ፦
ከእሁድ ጀምሮ ሆዴ ተቃጥሏል፤ እዚሁ የካቶሊኮች ቡድናችን ላይ ላውጣው። ከቅዳሴ በኋላ በወጣቶች ስብሰባ ላይ አንዲት ልጅ ተነስታ የአንድ ፓስተር ትምህርት በየማለዳው በዩቲዩብ እንደምትሰማ ተናገረች። መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመረችው፣ ንስሐ የገባችውም በዚያ ምክንያት ነው። እግዚአብሔርን ልታመሰግን ነበር የተነሳችው። ካቴኪስታችን (የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪያችን) ምን አሉ? «ማዕዱ ሞልቶ ሳለ ጎረቤት የሚለምን ልጅ ቤተሰቡን ያሰድባል።» ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ቁጭ አለች። ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህ አነጋገር ልክ ነው የሚል ካለ እዚህ ያስረዳኝ።

ካቴኪስቱ፦
ገሊላ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህም እደግመዋለሁ። ልጅቷን ላሳፍር ብዬ አይደለም። ፊደል አስቆጥሬ፣ አቁርቤ፣ ለሜሮን ያበቃሁት ልጅ ሌላ ቦታ እንደገና ተጠምቆ ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁሉም የጀመሩት «ስብከቱን ብቻ ነው የምሰማው» ብለው ነው። ያን ያየ ሰው ዝም ማለት አይችልም። እኛ ቅዱስ ቁርባን አለን። ምስጢረ ንስሐ አለን። ለዚህ እምነት ብፁዕ አባ ገብረሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞተዋል። ምን ጎደለንና ነው?

የሶዶ ልጅ፦
ጋሼ፣ «ጎረቤት» ያሉት ነገር እኛ አገር አይሠራም። ወላይታ ውስጥ አንዱ ቤት አባት ካቶሊክ፣ እናት ቃለ ሕይወት፣ ልጅ ሙሉ ወንጌል ነው። ለቅሶ ሲሆን አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። የእነሱም ወንጌላዊ ይሰብካል፣ የእኛም አባ ያስተምራሉ። እኔ አያቴ ሲሞቱ ያጽናናኝ የአጎቴ ፓስተር ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ እኛ 0.7 በመቶ ነበርን፣ እነሱ 18.6። ጆሯችንን ደፍነን የት እንኖራለን?

ኢንጂነሩ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ እርስዎ ያሉትን አትልም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ድንጋጌ አውጥቷል። ከእኛ በተለዩት ወንድሞች ዘንድ ያለውን እውነተኛ ክርስቲያናዊ ሀብት ካቶሊኮች በደስታ እንዲያውቁትና እንዲያከብሩት ይጠይቃል። የክርስቶስ መንፈስ በእነዚያ ማኅበረሰቦችም እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ የወጣው ሰነድ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ለምእመናን ወለል ብሎ ይከፈት ይላል። ልጅቷ ታዲያ ምን አጠፋች? መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈተች።

ካቴኪስቱ፦
ድንጋጌውን እስከ መጨረሻው አንብበው። ያው ሰነድ ዝቅ ብሎ፣ እነዚያ ማኅበረሰቦች ምስጢረ ክህነት ስለጎደላቸው የቅዱስ ቁርባንን ምስጢር በሙላት አልጠበቁም ይላል። የምትወደውን አንቀጽ ብቻ መዘህ አውጥተህ አታስተምረን።

ኢንጂነሩ፦
አንቀጹን አውቀዋለሁ፤ አምንበታለሁም። ግን ልጅቷ ቁርባን ፍለጋ አልሄደችም። የምትቆርበው እዚሁ እኛ ጋ ነው። ከሌላ የወሰደችው ስብከት ነው። ሁለቱን ለምን ያቀላቅሏቸዋል?

ገሊላ፦
ማዕዱ ሞልቷል አሉ። መሙላቱን ማን ካደ? ጥያቄው ማን ያቀርብልናል ነው። ባለፈው እሁድ ስብከቱ በሙሉ ስለ አዳራሹ ጣሪያ መዋጮ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ከወረቀት ተነበበ፤ አንባቢው ቀና ብሎ አንዴ እንኳ አላየንም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ምእመናን ስብከት በመስማት፣ ካህናት ደግሞ በመስበክ እንደሚሰቃዩ በግልጽ ጽፈዋል። እኛ ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንመታለን። ስብከቱን ማሻሻል ሲያቅተን ልጅቷን እንገሥጻለን።

ዘግእዝ፦
እኚሁ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በ2024 ስብከት ከ8 ደቂቃ አይለፍ ብለዋል። ለምን ይመስልሻል? የቅዳሴው ልብ ስብከቱ ስላልሆነ ነው። ቅዳሴው ራሱ ያስተምራል። ከመጀመሪያው «እግዚኦ ተሠሃለነ» እስከ መጨረሻው ቡራኬ በልቡ የተከታተለ ሰው ባዶውን አይመለስም። እናንተ ግን ሰዓት ሙሉ የሚጮህ ሰው ለመዳችሁ። ሲጮህ መንፈስ ቅዱስ ወረደ ትላላችሁ፣ ዝም ሲባል ቀዘቀዘ ትላላችሁ።

ገሊላ፦
ማንም ስለ ጩኸት አላወራም። ልጅቷ የምትሰማው ሰው ጭራሽ አይጮህም። የሮሜን መልእክት ምዕራፍ በምዕራፍ ነው የሚያስተምረው። ሰምተህ ተናገር።

ማርታ ከቤይሩት፦
እኔ ብዙ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የምሠራበት ቤት እመቤት ማሮናዊት ናት፣ እንደ እኛው ካቶሊክ። እሁድ አብሬያት እሄዳለሁ። ትንሹን ልጅ ታቅፌ ከኋላ እቆማለሁ። ቁርባን እቀበላለሁ፣ ተመስገን። ስብከቱ ግን በዓረብኛ ነው። የእኔ ዓረብኛ የኩሽና ዓረብኛ ነው፤ ሩዝና ሳሙና ላይ ያልቃል። ማታ ዕቃ ሳጥብ ስልኬን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስደግፋለሁ። ዳታ እንዳይበላብኝ ምስሉን ቀንሼ በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ፓስተር እሰማለሁ። ያን ሰሞን ከተማው ሲደበደብ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ መዝሙር 91ን የተነተነበትን ደጋግሜ ነበር የምሰማው። እሱን ሰምቼ መቁጠሪያዬን እደግምና እተኛለሁ። ጋሼ፣ እኔ ቤተሰቤን አሰደብኩ?

ካቴኪስቱ፦
ማርታ፣ አንቺን አላልኩም። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። የአንቺ ችግር ሌላ ነው። ካህን በቋንቋሽ የለሽም።

ገሊላ፦
ታዲያ ማንን ነው ያሉት? ቤይሩት ያለችው ከተፈቀደላት አዲስ አበባ ያለችውስ? እሷም በልቧ ለሚመላለሰው ጥያቄ መልስ የሚሰጣት ካህን የላትም። አባ በሳምንት የሚቀድሱባቸውና የሚዞሩባቸው ቦታዎች ስንት እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ። ቁጭ ብለው ሊያነጋግሯት ጊዜ የላቸውም።

ካቴኪስቱ፦
እኔ ጋ መምጣት ትችል ነበር።

ገሊላ፦
አሁን ትመጣለች ብለው ያስባሉ?

እንግዳ ነኝ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጓደኛዬ ነው ያስገባኝ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። በ1999 እ.ኤ.አ. በአውግስበርግ ቫቲካንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የፌዴሬሽኑ አባል ናት። ስለዚህ እንደምታስቡት አልተራራቅንም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቃሉ የሚያጠግባችሁ እኛ ጋ ከሆነ ለምን ጠቅልላችሁ አትመጡም?

ካቴኪስቱ፦
ይኸው! «ጠቅልላችሁ» አለ። ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም። ከመጀመሪያው የምለው ይህንኑ ነው። በስብከት ይጀመራል፣ በመጠቅለል ይፈጸማል።

የሶዶ ልጅ፦
እንግዳችን፣ ይህን ባትጽፍ ይሻል ነበር። አውግስበርግን ጠቅሰህ፣ በዚያው ትንፋሽ ኑ ትለናለህ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ወንድሞች ነን ካልክ ባለንበት ተቀበለን።

እንግዳ ነኝ፦
በቅንነት ነው የጠየቅሁት። ማንንም ለመንጠቅ አይደለም።

ኢንጂነሩ፦
ጋሼ፣ አንድ ሰው «ጠቅልላችሁ ኑ» ስላለ ሁሉም ይጠቀልላል ማለት አይደለም። የገዛ ታሪካችንን እንይ። ቁምስናችን (አጥቢያችን) ውስጥ ማክሰኞ ማታ የሚሰበሰበው የካሪዝማቲክ፣ ማለትም በመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ላይ የሚያተኩረው፣ ጸሎት ቡድን ከየት መጣ? በ1967 ፒትስበርግ፣ የካቶሊኮቹ ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሱባኤ ወጡ። ከዚያ በፊት የጴንጤቆስጤው ፓስተር ዴቪድ ዊልከርሰን በኒውዮርክ ወሮበላ ወጣቶች መካከል ስላገለገለው አገልግሎት የጻፈውን አንብበው ነበር። ከፕሮቴስታንቶች ጋርም አብረው ጸልየዋል። ከዚያ የተነሳው ነገር ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። የካፑቺን ማኅበር መነኩሴው አባ ራኔሮ ካንታላሜሳ በ1977 አሜሪካ ላይ በዚሁ እንቅስቃሴ ተነክተዋል። ከ1980 እስከ 2024 ድረስ በቫቲካን የጳጳሳዊ ቤት ሰባኪ ሆነው ለሦስት ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ሰብከዋል። እሳቸው ጠቀለሉ? ካርዲናል ነው የሆኑት።

ዘግእዝ፦
ካንታላሜሳ ሊቅ ናቸው። ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ይችላሉ። የ19 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች?

ኢንጂነሩ፦
ከእኛ። እኛ ካስተማርናት። ስላዳመጠች ከገሠጽናት ግን የምትሰማውን ደብቃ መስማት ትጀምራለች፤ ያኔ የሚለይላት ሰው ጭራሽ አይኖርም።

ከሂዩስተን፦
እኔም ልግባ። የምኖርበት ከተማ የፓስተር ጆል ኦስቲን ሌክዉድ ቸርች ያለበት ነው። ድሮ ሮኬትስ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበት የነበረውን አዳራሽ ነው በ2005 የገቡበት። ሥራ አጥቼ በነበረ ጊዜ ከአልጋ ያስነሳኝ የእሱ ስብከት ነው። ተነሥ፣ ተላጭ፣ እግዚአብሔር አልረሳህም ይለኛል። ያን ውለታ አልክድም። እናቴ ስትሞት ግን ያው ስብከት አልጠቀመኝም። ስለ ድል ብዙ ነገረኝ፤ ስለ ሐዘን የሚነግረኝ አላገኘሁበትም። ያን ጊዜ የያዘኝ ስቅለት ዓርብ ለመስቀሉ መስገድ፣ ለእናቴ የተቀደሰው ፍትሐት ነው። ስለዚህ ገሊላም ትክክል ናት፣ ጋሼም የሚሉት አላቸው። ሰባኪ ሁሉ አንድ አይደለም።

የሶዶ ልጅ፦
ይህን ነው መለየት ያለብን። መጽሐፍ ገልጦ የሚያስተምር አንድ ነገር ነው። «ዘር ዝሩ፣ በዚህ ወር መኪና ትነዳላችሁ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ስልክ ቁጥር ጠርቶ ትንቢት የሚናገረውን እኔም አልሰማም። ቪላ ቺቪልታ ካቶሊካ የተባለው የኢየሱሳውያን መጽሔት በ2018 ስለዚህ የብልጽግና ወንጌል ጠንከር ያለ ጽሑፍ አውጥቷል። የሚያሳዝነው እኛ የምንገሥጸው ሮሜን የሚያስተምረውን የሰማችውን ነው። ለነቢዩ ብር የላከችው ጎረቤታችን ግን ማንም አልነካትም።

ኢንጂነሩ፦
«ላ ቺቪልታ ካቶሊካ» ነው ስሙ። ሐሳቡ ግን ልክ ነው።

ዘግእዝ፦
ጉዳዩ ስብከት ብቻ መሰላችሁ እንጂ መዝሙሩም ተወስዷል። ባለፈው በዓል ሕዝቡ እየቆረበ ሳለ ኳየሩ ምን ዘመረ? በኪቦርድ፣ የጴንጤ መዝሙር። ከበሮውና ጸናጽሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው። የእኛ ዜማ እያለ!

የሶዶ ልጅ፦
የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙር ነበር። ሰውየው በደርግ ጊዜ ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል። አባ ገብረሚካኤልን ጋሼ ጠቅሰዋል፤ ደግ አደረጉ። እስር ቤት ውስጥ ለክርስቶስ የጸና ሰው ግን እኛ ጋ ብቻ አይደለም ያለው።

ዘግእዝ፦
እስሩን አከብራለሁ። እስሩን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ በቁርባን ሰዓት መዝሙሩን መዘመር ሌላ ነው። ቤቱ ሥርዓት አለው።

ከሂዩስተን፦
እዚህ አሜሪካ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮቹ ጊታር ይዘው ነው የሚቀድሱት። ማንም አይደነግጥም።

ዘግእዝ፦
እኛ ላቲን አይደለንም። ስንት ዘመን ላቲን አይደለንም ስንል ኖረን አሁን ደግሞ ጴንጤ አይደለንም ልንል ነው?

ካቴኪስቱ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። ፍራንቸስኮስ በ2014 ኢጣሊያ ውስጥ ካዜርታ ድረስ ሄደው በፋሺስት ዘመን ጴንጤቆስጤዎችን ላሳደዱ ካቶሊኮች ይቅርታ መጠየቃቸውን አውቃለሁ፤ ኢንጂነሩ ሊጠቅስብኝ ሲል ልቅደመው። እኔ ማንንም አላሳድድም። ጎረቤቴን እወዳለሁ፣ ለልጁ ሠርግ እሄዳለሁ። የምለው አንድ ነው። በእኔ እጅ ቃል የተማረ ልጅ ከእኔ እጅ ሲወጣ ያመኛል።

ገሊላ፦
ህመምዎ ይገባኛል። እውነቴን ነው። ግን ያ ህመም ልጅቷ ላይ ነው የወደቀው። ሳታጠፋ።

ማርታ ከቤይሩት፦
ክርክሩ ይቀጥል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልለምን። በአማርኛ የእሁዱን ወንጌል የሚያብራራ የካቶሊክ ትምህርት ያለው ሰው ይላክልኝ። አጭር ይሁን። ድምፅ ብቻ ይበቃኛል።

ከሂዩስተን፦
አንድ ልኬልሻለሁ። ድምፁ ትንሽ ይርቃል።

ማርታ ከቤይሩት፦
ሰማሁት። ማይኩ ያፏጫል፤ ከጣሪያው ማሚቶ ጋር ተደባልቆ አንዱም አይለይም። ሌላ ካለ።

ካቴኪስቱ፦
እኔ በስልኬ እቀዳልሻለሁ። ቅዳሜ ማታ ይደርስሻል። እሁድ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ገሊላ፦
እኔም ልጅቷ ይቅርታ እስክትጠየቅ ድረስ አልተውም። ለማርታ መቅዳትዎ ግን ደስ ብሎኛል።

ዘግእዝ፦
የመዝሙሩን ነገር ለቁምስናው ምክር ቤት በደብዳቤ አስገብቻለሁ። የሚፈርም ካለ እሁድ ከቅዳሴ በፊት በሩ ላይ ነኝ።

የሶዶ ልጅ፦
እኔም የኳየሩን ልጆች ይዤ እመጣለሁ። የእኛንም ደብዳቤ ያንብቡልን።